ውጊያ ከየት ይጀምራል?
የድርጊት ፊልም መክፈቻና የይፋት ቆላ

ተረት ነጋሪው በምድጃ ዙሪያ ለተሰበሰቡት ልጆች «ተረት ተረት» ይላል። ልጆቹም «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ፤ በሌላው መንደር ደግሞ «የመሠረት» ይባላል። ይህች አጭር ልውውጥ በነጋሪውና በአድማጩ መካከል የምትገባ ውል ናት። ከእርሷ በኋላ ጅብ ቢናገር፣ ጦጣ ዳኛ ሆና ብትቀመጥ፣ «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነጋሪውም በበኩሉ ታሪኩን ከፍጻሜ ሊያደርስና ለአድማጩ አንድ ቁም ነገር ሊያስጨብጥ ግዴታ ገብቷል።

በኪነ ጥበብ የዘውግ ልማድ የሚባለው ነገር በመሠረቱ ይኸው ነው። ዘውግ በአንድ ዓይነት ውል የሚተዳደሩ ሥራዎች ወገን ሲሆን፣ ልማድ የተባሉት ደግሞ የውሉ አንቀጾች ናቸው። ሙሾ ሊሰማ የተቀመጠ ሰው ሳቅ አይጠብቅም፤ ቀረርቶ የሰማም ሰው የሚከተለው የሠርግ ዘፈን ነው ብሎ አያስብም። የድርጊት ፊልም፣ ማለትም ማሳደድ፣ ማምለጥና ፍልሚያ የሚበዛበት ፊልም፣ ይህን ውል የሚዋዋለው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ተመልካቹ ማንን መውደድ፣ ማንን መፍራት፣ ምን መጠበቅ እንዳለበት የሚነገረው እዚያ ላይ ነው።

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የኪነ ጥበብ ክበብ ያለ ወጣት በእጅ ስልኩ ፊልም መቅረጽ ችሏል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በድኅረ ምረቃ ደረጃ የፊልም ትምህርት ተከፍቷል። ተማሪዎች ከሚሞክሯቸው ሥራዎች አንዱ የድርጊት ፊልም መክፈቻ ነው። ሙሉ ፊልም ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፤ የሁለት ደቂቃ መክፈቻ ግን በጥቂት ቀናት ሊጠናቀቅ ይችላል። እንግዲህ ይህ ወጣት የሸዋ ሮቢት ወይም የይፋት ቆላ ልጅ ቢሆን፣ ፊልሙን ከየት ይጀምር? የሚመርጣቸው ልማዶች ከየት መጡ? ማንንስ ለማየት፣ ማንንስ ላለማየት ያስገድዱታል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥያቄውን ታሪካዊ መነሻ መመርመር ነው።

የዜና መዋዕሉ መክፈቻ

የይፋት ምድር ስለ ውጊያ አተራረክ ሲነሣ ባዕድ አይደለችም። በመካከለኛው ዘመን ከወላስማ ሥርወ መንግሥት የተነሡ ሡልጣኖች ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ 15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ገዝተዋታል። ከደጋው ጫፍ ወደ ቆላው በሚወርደው ተረተር ላይ እንደ ኖራና አስባሪ ያሉ በድንጋይ የታነጹ ጥንታዊ ከተሞችና የመስጊዶች ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ይታያሉ። ከባሕር ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድ በዚህች ምድር ያልፍ ስለነበር፣ በደጋው ነጋሢና በይፋቱ ሡልጣን መካከል ግብር፣ ንግድና ጦርነት ተፈራርቀዋል።

የዐፄ ዐምደ ጽዮን የጦርነት ዜና መዋዕል ስለ አንዱ ጦርነት በግእዝ የተጻፈ ሥራ ነው። ንጉሡ በነገሠ በ18ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1332 ገደማ፣ ከይፋቱ ገዥ ከሰብረዲን ጋር ያደረገውን ዘመቻ ይተርካል። የሥራው አከፋፈት ለእኛ ርእሰ ጉዳይ ትልቅ ትምህርት አለው። ጸሐፊው እንደ ቤተ ክህነት ሥርዓት በሥላሴ ስም ይጀምራል፤ ቀጥሎም ወደ ጠላቱ ዛቻ ይገባል። ሰብረዲን አገሩን ሁሉ እንደሚገዛ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን መስጊድ እንደሚያደርግ፣ በንጉሡ መዲናም ጫት እንደሚተክል ሲዝት እንሰማለን። ይህ የጫት ነገር በኢትዮጵያ ጽሑፎች ውስጥ ስለ ተክሉ ከሚገኙት ቀደምት ምስክሮች አንዱ መሆኑም ይታወቃል።

የጸሐፊውን ዘዴ ልብ እንበል። የንጉሡን ጀግንነት ከመዘርዘሩ በፊት የጠላቱን ዛቻ አስቀደመ። ዛቻው ሲሰማ አንባቢው ይጨነቃል፤ ከጭንቀቱም የተነሣ የሚያድነውን ሰው ይጠብቃል። ንጉሡ ወደ ትረካው ሲገባ ቦታው አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። ሲኒማ ከመፈልሰፉ ከ550 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የተጻፈ ሥራ ነው፤ ሆኖም ዛሬ የፊልም መምህራን «መጀመሪያ አደጋውን አሳይ» የሚሉትን ደንብ አሟልቶ ይዟል።

ይሁን እንጂ ዘዴው ያለ ዋጋ አልተገኘም። የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ የቤተ መንግሥት ሰው ነው። ሰብረዲንን የሚያስተዋውቀን በስድብና በእርግማን ታጅቦ ነው። በይፋት ከተሞች ስለሚኖረው ነጋዴ፣ ስለ ሸማኔው፣ ስለ ገበሬው፣ ጦሩ ሲመጣ ልጆቿን ይዛ ስለምትሸሸው እናት ከዚያ መክፈቻ የምናውቀው ነገር የለም። አደጋው የሚመጣው ከይፋት ነው ተብሎ ስለተጀመረ፣ ይፋት ራሷ አደጋ የሚደርስባት አገር መሆኗ ተሸፍኖ ቀረ።

በዚያው በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አል ዑመሪ የተባለው የአረብ ሊቅ ስለ ይፋት ጽፏል። እርሱ አገሪቱን በዐይኑ አላያትም፤ ከሚያውቋት ሰዎች ጠይቆ ነው የጻፈው። ትኩረቱ ግን ሌላ ነበር፤ ስለ ምርቷ፣ ስለ ንግዷ፣ ስለ ሕዝቧ አኗኗር ይነግረናል። ስለዚህ ስለ አንዲት ምድር በተቀራረቡ ዓመታት ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ተጽፏል። አንደኛው በዛቻ ጀምሮ ወደ ጦርነት ይሄዳል፤ ሁለተኛው ሰው ምን ይዘራ እንደነበር፣ ምን ይሸጥ እንደነበር ያሳያል። ለፊልም መክፈቻ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የዚህ ምክንያት ከዚህ በታች በሚመጡት ምሳሌዎች ግልጽ ይሆናል።

ፉከራ እንደ ባሕርይ ማስተዋወቂያ

ዜና መዋዕል የቤተ መንግሥት ጽሑፍ ነበር። ሕዝቡ ደግሞ የራሱ የውጊያ አከፋፈት ነበረው። ነጋሪት ሲጎሰም፣ የክተት ዐዋጅ ሲታወጅ፣ የነገሩ ቅደም ተከተል የታወቀ ነበር። ጠላት መጣ ይባላል፤ የሚነካው ሃይማኖት፣ ሚስት፣ አገር መሆኑ ይነገራል፤ መሰብሰቢያው ቦታና ቀን ይቆረጣል፤ የሚቀር ሰው የሚደርስበት ቅጣት ይገለጻል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ ያስነገሩት ዐዋጅ በዚህ ሥርዓት የሚሄድ ነው። እዚህም ላይ አደጋው ይቀድማል፤ የሚጠፋው ነገር ግን አብሮት ይጠራል።

ከዐዋጁ በኋላ ቀረርቶውና ፉከራው ይመጣል። ፉካሪው ወደ መካከል ይወጣል፤ የራሱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም ይጠራል፤ የሠራውን ይዘረዝራል፤ ሊሠራ ያሰበውን ይምላል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ እየተባሉ በፈረስ ስማቸው የተጠሩት በዚህ ባህል ነው። ፉከራ ከውጊያ በፊት ቃል ኪዳን፣ ከውጊያ በኋላ ደግሞ የሥራ ማስረጃ ነው። ሰሚው ፉካሪውን ያውቀዋል፤ አባቱንም ያውቃል። የማለውን ሳይፈጽም ቢመለስ ነገ በገበያ የሚጠይቀው አለ።

ከፊልም ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በፉከራ ስም ይቀድማል፤ ሥራ ይከተላል። በድርጊት ፊልም ብዙውን ጊዜ ሥራ ይቀድማል፤ ስም ቆይቶ ይነገራል። ፊልሙ የማያውቁት ሰው ለማያውቁት ሰዎች ስለሚሠራ፣ ባለ ታሪኩ በተመልካቹ ፊት ማንነቱን በሥራው ማስመስከር አለበት።

የፉከራና የቀረርቶ ባህል ወደ መድረክም ተሻግሯል። በ1927 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዋዜማ በተቋቋመው በሀገር ፍቅር ማኅበር መድረክ፣ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በየቀበሌውና በየአውራጃው በተደራጁት የኪነት ቡድኖች መድረክ ቀረርቶ የትርኢት መክፈቻ ሆኖ አገልግሏል። ስለዚህ የይፋት ወጣት የውጊያ ታሪክ አከፋፈትን ለመማር በባዶ እጁ አይነሣም።

ከባቡር ዘረፋው እስከ ራምቦ

አሁን ወደ ፊልሙ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1903 ኤድዊን ፖርተር የተባለው አሜሪካዊ ታላቁ የባቡር ዘረፋ የሚል አጭር ፊልም ሠራ። በዚያ ፊልም ውስጥ አንድ ሽፍታ ሽጉጡን በቀጥታ ወደ ተመልካቹ አነጣጥሮ የሚተኩስበት አንድ ቁራጭ ነበር። ይህ ቁራጭ ከታሪኩ ጋር አልተያያዘም። አከፋፋዩ ለሲኒማ ቤቶች ባሠራጨው ማስታወቂያ፣ ቁራጩን በፈለጉ ጊዜ ከፊልሙ መጀመሪያ፣ በፈለጉም ጊዜ ከመጨረሻው ላይ እንዲያደርጉት ፈቀደ። በተኩስ የሚከፈት ፊልም ታሪክ ከዚህ ይነሣል ማለት ይቻላል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ያ ተኩስ ከታሪኩ ጋር ሳይያያዝ ተመልካቹን ለማስደንገጥ ብቻ የገባ መሆኑ ነው። ዛሬም ብዙ ተማሪዎች ፊልማቸውን በተኩስ ሲጀምሩ የሚወርሱት ይህንኑ ያልተያያዘ ቁራጭ ነው።

ሌላው መንገድ የጃፓኑ አኪራ ኩሮሳዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በሠራው በሰባቱ ሳሙራይ መክፈቻ፣ ፈረሰኛ ሽፍቶች ከአንዲት መንደር በላይ ካለ ኮረብታ ላይ ይደርሳሉ። ወዲያው ሊዘርፏት ያስባሉ፤ ነገር ግን በቅርቡ ስለዘረፏት ገብሱ እስኪደርስ ሊጠብቁ ይስማማሉ። ሸክሙን ይዞ የተደበቀ አንድ ገበሬ ይህን ይሰማል። በመክፈቻው የሚገደል ሰው የለም፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ በማሳው ላይ የሚያድገው ገብስ ሁሉ የቀን መቁጠሪያ ይሆናል። ተመልካቹ አደጋውን ከሚጠፋው ነገር ጋር አንድ ላይ ተቀበለ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የላሞች ጠባቂዎች ፊልም ሆኖ ሲሠራም መሠረቱ አልተናጋም፤ ልማድ ከአገር ወደ አገር ይሄዳል።

ሦስተኛው መንገድ በእንግሊዙ የጄምስ ቦንድ ፊልሞች የጸና ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ከወጣው ከሁለተኛው ፊልም ጀምሮ የፊልሙ ስም ከመነበቡ በፊት አንድ የድርጊት ትዕይንት ይቀርባል። በ1964 በወጣው ሦስተኛው ፊልም ደግሞ ይህ ትዕይንት ከዋናው ታሪክ ጋር ብዙም የማይገናኝ፣ ጀማሪና ፈጻሚ ያለው ትንሽ ጀብዱ ሆነ። ዓላማው የባለ ታሪኩን ችሎታ ማስመስከር ነው፤ በእኛ አነጋገር በአፍ ሳይሆን በእጅ የተፎከረ ፉከራ ነው።

አራተኛው መንገድ ጊዜን ማዘግየት ነው። ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሌዎኔ እ.ኤ.አ. በ1968 በሠራው የምዕራቡ ዓለም ታሪክ፣ ሦስት ታጣቂዎች በአንድ ባቡር ጣቢያ ሰው ይጠብቃሉ። ዝንብ ይጮኻል፤ ውኃ በባርኔጣ ላይ ይንጠባጠባል፤ የንፋስ መዘውር ያቃስታል። ብዙ ደቂቃ ያለ ተኩስ ያልፋል። ተመልካቹ ውሉን ስለሚያውቅ፣ ተኩሱ እንደሚመጣ እርግጠኛ ስለሆነ፣ ዝምታው ራሱ ያስጨንቀዋል።

አምስተኛው ደግሞ የጂሎ ፖንቴኮርቮ የአልጄርስ ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራው ይህ ፊልም የሚጀምረው ከፍጻሜው አቅራቢያ ነው። አንድ አልጄሪያዊ ተሠቃይቶ የታጋዮቹን መደበቂያ ከተናገረ በኋላ ወታደሮች ቤቱን ይከብባሉ፤ ከዚያ ታሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ ከ1954 ይነሣል። ተመልካቹ ውጤቱን አስቀድሞ ስላወቀ፣ «ምን ይሆናል?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ «እንዴት እዚህ ተደረሰ?» ብሎ እንዲጠይቅ ይገደዳል።

በአገራችን ስሙ ከሁሉ የገነነው ራምቦ እንኳ በተኩስ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ሲከፈት፣ ከጦርነት የተመለሰው ወታደር የቀድሞ ጓዱን ፍለጋ በእግሩ ወደ አንድ ቤት ይመጣል፤ ጓዱ በካንሰር መሞቱ ይነገረዋል። ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ሁሉ በዚያ ብቸኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። በቪዲዮ ቤት ያየነው ሁሉ መትረየሱን አስታወስን፤ መክፈቻውን ግን ረሳነው።

«አክተሩ»

እነዚህ ልማዶች ወደ እኛ የመጡት በረጅም መንገድ ነው። ተንቀሳቃሽ ሥዕል በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ገባ። የመጀመሪያው የሕዝብ ማሳያ ቤት በሰው አፍ የሰይጣን ቤት ተባለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜና ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባና እንደ ጎንደር ባሉ የክፍለ አገር ከተሞች ሲኒማ ቤቶች ተስፋፉ። የሚታየው ፊልም የአሜሪካ ካውቦይ፣ የሕንድ፣ ቆይቶም የቻይና ካራቴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ሻፍት በአፍሪካ የተባለው የአሜሪካ የድርጊት ፊልም በከፊል በኢትዮጵያ ተቀርጾ፣ እውቁ ተዋናይ ደበበ እሸቱ ተካፍሎበታል።

በኋላ የቪዲዮ ማጫወቻ ሲመጣ፣ በትላልቅ መንገዶች ዳር ባሉ ትናንሽ ከተሞች ቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ። በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቆ የሚያየው ወጣት አብዛኛው የፊልሙን ቋንቋ አያውቅም ነበር። ሆኖም ታሪኩ አያመልጠውም፤ ልማዱን ያውቃልና። ባለ ታሪኩን «አክተሩ» ብሎ ይጠራዋል፤ «አክተሩ አይሞትም» የሚለው አነጋገርም ከዚያ ተወለደ። ይህ ተራ የሚመስል አነጋገር የዘውግን ውል ጠቅልሎ ይዟል። በመጀመሪያ ፊቱ በቅርብ የታየው፣ ሙዚቃ የተመታለት ሰው አክተር ነው፤ ስለዚህ አይሞትም። ሳይተዋወቁ በብዛት የሚወድቁት ሌሎች ናቸው። የእነርሱን ሞት ማንም አይቆጥረውም።

የዚህን ነገር ጉዳት ከሁሉ አብልጦ የተናገረው ታላቁ የፊልም ሰው ኃይሌ ገሪማ ነው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1946 በጎንደር ተወለደ። በልጅነቱ በጎንደር ሲኒማ ካውቦይና ታርዛን እያየ እንዳደገ፣ ከጓደኞቹ ጋር በከተማው ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ያየውን እየተጫወተ ሁልጊዜ ከካውቦዮቹ ወገን ይሆን እንደነበር መስክሯል። አፍሪካውያን ከታርዛን ጀርባ ሲሾልኩ፣ እርሱና ጓደኞቹ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ በሙሉ ድምፃቸው ይጮኹ ነበር። አፍሪካውያን ልጆች አፍሪካውያኑ ተሸንፈው እንዲወድቁ ጮኹ። ያደረጋቸው ክፋት ወይም አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ፊልሙ በመክፈቻው ዐይናቸውን ወስዶ በታርዛን ዐይን ላይ አስቀምጦት ነበር። ካሜራው ከማን ጋር እንደቆመ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ ከዚያ በኋላ ልብ ካሜራውን ይከተላል።

የጎንደሩ ተማሪ

በኢትዮጵያ የሚሠራው ልብ ወለድ ፊልም በ1957 ዓ.ም. በሂሩት አባቷ ማነው ተጀመረ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሚሸል ፓፓታኪስ በደም ካሣ ባህል ላይ ተመሥርቶ ጉማን ሠራ። ደም መፋሰስን ርእሱ ያደረገ ፊልም የበቀልን መንገድ ትቶ ዕርቅን መመርመሩ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በዚያው ሰሞን ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪ ነበር። በአብዮቱ ሰሞን ወደ አገሩ ተመልሶ ምርት ሦስት ሺህ ዓመትን በጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጸ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1976 ለእይታ በቃ። ካሜራውን በሚይዙ ጥቂት ሰዎችና በአብዛኛው የተዋናይነት ሞያ በሌላቸው ሰዎች፣ በጥቂት ሳምንታት የተቀረጸ የተማሪ ሥራ ነው። ታሪኩ የሚያስደነግጥ ድርጊት አለው። መሬቱን የተነጠቀውና እንደ እብድ የሚታየው ከበበ ባለርስቱን በመጨረሻ ይገድለዋል።

ፊልሙ በድርጊት ፊልም ልማድ ቢሄድ ኖሮ፣ ግድያውን ወይም ቢያንስ ዛቻውን ከፊት ባመጣ ነበር። ኃይሌ ግን የጀመረው ከንጋቱ ነው፤ የጭሰኛው ቤተሰብ ለዕለት ሥራው ሲነሣ፣ ማሳው፣ በሬው፣ ሥራው፣ ድካሙ ቀስ ብሎ ይታያል። ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኽ የነበረው ልጅ አድጎ ካሜራውን ከጭሰኛው ጎጆ ዘንድ አቆመው። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በሚፈጀው ፊልም መጨረሻ ባለርስቱ ሲመታ፣ ተመልካቹ ድርጊቱን የሚመዝነው በዚያ ሁሉ ድካም ሚዛን ነው። ይህም ማለት የዘውጉን ልማድ ማወቅና ለልማዱ መገዛት የተለያዩ መሆናቸውን አንድ ተማሪ በሥራው አስመሰከረ ማለት ነው።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ በቪዲዮ የሚሠሩ የአማርኛ ፊልሞች በሲኒማ ቤቶች ሲበዙ ሚዛኑ ወደ ፍቅርና ወደ አስቂኝ ታሪክ አጋደለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፍልሚያ፣ ተሽከርካሪና ብዙ ሰው የሚጠይቅ ትዕይንት ወጪው ከባድ ነው። ስለዚህ የድርጊት ፊልምን የሚሞክረው የዛሬ ተማሪ ብዙ የአገር ውስጥ አርአያ የለውም፤ የሚያየው የውጭውን ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው በገንዘብ አይደለም፤ አካባቢውን አጥብቆ በመመልከት ነው።

ማማው ላይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ይደርሳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጣሊያን ጊዜ በተሠራው 600 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ከዋሻው ሲወጣ ጉም ይቀበለዋል፤ ከዚያ ደብረ ሲናን አቋርጦ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ውስጥ ጋቢውን አውልቆ፣ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ባለችው በሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ራሱን ያገኛል። ከዚያ አለፍ ብሎ ሰንበቴ አለ፤ በእሑድ ገበያው አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ እህል፣ ጨው፣ ሽማና ከብት ይለዋወጣሉ። ጨለማ፣ ጉም፣ ቁልቁለት፣ ሙቀት፣ ገበያ፤ ለመክፈቻ የሚሆን ቦታ በብር አይገዛም፤ እዚሁ ተዘርግቷል።

ነገር ግን ይህች ምድር ውጊያን በፊልም ብቻ የምታውቅ አይደለችም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአቅራቢያዋ ያለችው የአጣዬ ከተማ ተቃጥላ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ደርሶ ነበር። በዚህች ከተማ አዳራሽ ተቀምጦ የተማሪ ፊልም የሚያይ ሰው የተኩስ ድምፅን ከቪዲዮ ቤት ብቻ የተማረው አይደለም። እናት አብራ ተቀምጣ ይሆናል፤ ቤቱ የተቃጠለበት ጎረቤት አብሮ ተቀምጦ ይሆናል። ፊልሙ በድንገተኛ ተኩስ ቢከፈት፣ በሌላ አገር ደስታ የሚሰጠው ድንጋጤ እዚህ ቁስል ይነካል። ከዚህም የባሰ ነገር አለ። መክፈቻው «ክፉው» ሰው ማን እንደሆነ በልብሱ፣ በአነጋገሩ ወይም በእምነቱ የሚያስታውቅ ከሆነ፣ በሰንበቴ ገበያ አብሮ የሚገበያየውን ሰው ሳያስተዋውቀን ጠላት አድርጎ ያቀርበዋል። የዜና መዋዕሉ መክፈቻ ከ690 ዓመት ገደማ በፊት ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የቪዲዮ ቤቱ ልማድ ደግሞ ይደግመዋል።

እንግዲህ መምህሩ በክበቡ ውስጥ ለተማሪዎቹ ምን ይበል? ልማዱን ጣሉት ቢል ስሕተት ነው፤ ውል የሌለው ታሪክ አድማጭ የለውም። ይልቅስ እያንዳንዱ ልማድ ከየት እንደመጣና ምን እንደሚሠራ አውቀው እንዲመርጡ ያስተምራቸው። አንድ ምሳሌ ላቅርብ።

በይፋት ቆላ ማሽላ ሲያሸት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ይጠብቃሉ። ፊልሙ በጨለማ ይከፈት፤ ከጨለማው ውስጥ አንድ ስል የጩኸት ድምፅ ይሰማ። ተመልካቹ ውሉን ስለሚያውቅ ጥይት ነው ብሎ ይደነግጣል። ብርሃን ሲሆን ግን ማማ ላይ የቆመ ልጅ ጅራፉን ሲያጮኽ፣ ወፎቹም ከማሽላው ላይ ግር ብለው ሲነሡ ይታያል። ሰው ይተነፍሳል፤ ፈገግ ይላል። ልጁ ወንጭፉን ያነሣል፤ እኅቱ ከታች ምሳ ይዛ ትመጣለች፤ ማሽላው ስንት ቀን እንደቀረው ይነጋገራሉ። ከዚያ ልጁ ከማማው ላይ ሆኖ በሩቅ መንገድ ላይ የሚነሣ አቧራ ያያል። ማን እንደሚመጣ አናውቅም። ልጁ ወንጭፉን ዝቅ ያደርጋል። የፊልሙ ስም እዚህ ላይ ይነበብ።

በዚህ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የዘውጉ ልማዶች አሉ። የሚያስደነግጥ ድምፅ አለ፤ ግን ከሕይወቱ ጋር የተያያዘ ነው። ከከፍታ ላይ የሚታይ አደጋ አለ፤ ነገር ግን የሚያየው ሽፍታው ሳይሆን ገበሬው ልጅ ነው። እንደ ፉከራው ችሎታ ይመሰከራል፤ የወንጭፉ አወራወር ኋላ ሊጠቅም ይችላል። የሚጠፋው ነገር፣ ማለትም ሊደርስ ጥቂት ቀን የቀረው ማሽላ፣ በዐይናችን ፊት ቆሟል። ጠላቱ በስድብ አልተዋወቀም፤ ማንነቱን ታሪኩ እስኪገልጠው ድረስ አቧራ ብቻ ነው። ወጪውም አንድ ማማ፣ ሁለት ልጆችና የአንድ ማለዳ ብርሃን ነው። ጅራፍ እንጂ መሣሪያ ስለሌለበት መንደሩ አይሸበርም። በሌላ ትዕይንት የእንጨት ጠመንጃ እንኳ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ለቀበሌውና ለፖሊስ አስቀድሞ ማሳወቅና መንደርተኛውን ማስጠንቀቅ የቀረጻው የመጀመሪያ ሥራ መሆን አለበት።

ይህ አንድ ምሳሌ ብቻ ነው። ሌላው ተማሪ ከጣርማ በር ዋሻ ይነሣ ይሆናል፤ ሌላዋ ከሰንበቴ ገበያ። መምህሩ ሊጠይቃቸው የሚገባው ግን ሁለት ጥያቄ ነው። ካሜራህ ሲከፈት ከማን ጋር ቆሟል? ተመልካቹ አደጋውን ከመስማቱ በፊት የሚጠፋውን ነገር አይቶታልን? የጎንደር ልጆች ለታርዛን የጮኹት እነዚህን ጥያቄዎች የጠየቃቸው ስላልነበረ ነው። የዛሬው የሸዋ ሮቢት ልጅ ካሜራው በእጁ ነው፤ ማማውም ከቤቱ በላይ ቆሟል።